አምስቱን ገብስ በአንድ ጆንያ ስለ መለሱልን

ሸጎሌ፣ ሰኔ ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ይገዙ ዳኜ
የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
በያሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ክረምቱ በእንጦጦ በኩል ጠንክሮ ስለ ገባ ጉልበትዎን ብርድ እንዳይዝዎት፣ የስብሰባው ብዛትም ድምፅዎን እንዳይዘጋው ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። አባቴ አቶ ኢታና ከቀበሌው እስር ቤት ከወጣ ወዲህ ሳሉ እየተሻለው ነው። እናቴ ወይዘሮ ደብሪቱም ዓይኗ ከመድከሙ በቀር ደህና ናት፤ ዓይኗ የደከመበትን ምክንያት ወደ ታች እገልጻለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ማቅረብ ሲገባኝ በስብሰባ አዳራሹ በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በጽሕፈት ቤቱ በኩል ደጋግሜ አቅርቤ ነበር፤ ከመጀመሪያው በቀር ያቀረብኩት ሁሉ እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ ጠፋ ተባልኩ። በር ግን አይጠፋም። ስሜንም ከነአባቴ ከታች ጽፌዋለሁ፤ የጻፈውን ሰው ለማግኘት ሲባል የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በዚህ ዝናብ ዳገት ለዳገት እንዳይንገላቱ ብዬ ነው።

እርስዎ ቢያውቁኝም በበሩ የሚያልፈው ሁሉ ስለማያውቀኝ፣ ሰርኬ ኢታና እባላለሁ። እዚሁ ሸጎሌ ዳገት ላይ ተወልጄ፣ ጉለሌ ወርጄ ተምሬ፣ ከእርሻ ተቋም በዲፕሎማ ተመርቄአለሁ። ቤተሰቤ ከከተማው ዳር ገብስ ከሚያርሱት ቤቶች አንዱ ነው፤ ዳር ያለን ገበሬዎች በቀበሌው ሥር ከተካተትን ወዲህም በእርስዎ አመራር እናርሳለን፣ በእርስዎ አመራር እንዘራለን፣ እግዜር በፈቀደው እናጭዳለን።

ነገሩ የሆነው በሚያዝያ ነው። በሰሜን ወገኖቻችን በረሃብ በሚያልቁበት ዓመት እህል ደብቆ የተገኘ ሰው ቢያዝ የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላሁም። አባቴም በኅዳር ለተጎዱት ከአዝመራው ካዋጡት ሰዎች የመጀመሪያው ነበር። የተቀበሉት እርስዎ ነበሩ፤ ጭብጨባም ነበረ። በሚያዝያ ግን የተደበቀ እህል ሊፈትሹ የመጡት ጓዶች ጓዳችን ገብተው ከግድግዳው ሥር የተደረደሩ አምስት ገንቦዎች አገኙ። ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ለዘር ብለው አንገታቸውን አጥብበው የሚሠሩልን፣ አፋቸው ነቀዝ እንዳይገባ በአመድና በእበት የተመረገ ገንቦዎች ናቸው። በየገንቦው ያለው ገብስ አንድን ቤተሰብ ለአንድ ወር አያበላም፤ ለዘር ግን ይበቃል።

የጓዶቹ አለቃ የአንዱን ገንቦ አፍ በሰደፍ ሰብሮ አየና አባቴን፣ «ሰውዬ፣ አንድ ገብስ ለምን አምስት ቦታ ትደብቃለህ?» አለው።

«አንድ አይደለም ጌታዬ፣ አምስት ነው» አለ አባቴ።

«ጌታ የለም፣ ጓድ በል። አምስት ከሆነማ አምስት ጊዜ ደብቀሃል ማለት ነው።»

እኔም በበኩሌ አምስቱ ገብስ አምስት ዓይነት ዘር መሆኑን ለማስረዳት ብሞክር፣ «አንቺ ዲፕሎማሽን ያዢ» ተባልኩ። ያዝኩ። ከእርሱ ሌላ የምይዘው አልተረፈልኝም።

እንግዲህ ምስጋናዬን፣ በስብሰባ እንዳስተማሩን፣ በነጥብ በነጥብ ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ፍተሻው ጥልቀት አመሰግናለሁ። አንድ ጆንያ ያለው ሰው ገበሬ፣ አምስት ገንቦ ያለው ሰው አሻጥረኛ መሆኑን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። በእርሻ ተቋሙ ያስተማሩኝ መምህራን ይህን ምዕራፍ ዘለውት ነበር።

፪ኛ. ስለ ሚዛኑ አመሰግናለሁ። የተያዘው እህል መመዘን ስለ ነበረበት፣ አምስት ጊዜ ከመመዘን አንድ ጊዜ መመዘን የሥራ ሰዓት እንደሚቆጥብ ተገንዝበው፣ ጓዶቹ አምስቱንም ገንቦ በአንድ ጆንያ ውስጥ እንዲገለብጡ አደረጉ። እናቴ በዚያች ሰዓት ጮኸች። ጓዶቹ ስለ እህሉ መወሰድ የጮኸች መስሏቸው፣ «አይዞሽ እናት፣ ንጹሕ ከሆናችሁ ይመለስላችኋል» አሏት። እናቴ የጮኸችው ግን ስለ መወሰዱ አልነበረም፤ ስለ መገልበጡ ነበር። ተወስዶ የተመለሰ ገብስ አይታለች፤ ተደባልቆ የተመለሰ ገብስ ግን አይታ አታውቅም።

እርስዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ በገንቦዎቹ የነበረውን ልንገርዎ። ጥቁሩ ገብስ ድንጋያማ መሬት ላይ፣ ከእንጦጦ ውርጭ በሚወርድበት በኩል የሚዘራ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲቃጠል እርሱ ይቆማል። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ልብስ የለውም፤ ሳይወቀጥ ስለሚቆላ ነው ስሙን ያገኘው። ፈረስ ጋማ ቁመቱ ረጅም፣ ዛላው የተንዠረገገ፣ ገለባውም ለከብትና ለክዳን የሚሆን ነው፤ በጥሩ መሬት ላይ ብዙ ይሰጣል፣ ግን እስከ ኅዳር ያስጠብቃል። ባለሚ ለበሶ ነው። አምስተኛው ቀሰሌ ነው፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የማበላሸውም ስለ እርሱ ነው።

ቀሰሌ ብዙ አይሰጥም። ዛላው አጭር ነው፣ ለዓይን አይሞላም፣ ቅርፊቱም ስለማይላቀቅ ለቆሎ አይሆንም። ነገር ግን በሰኔ ተዘርቶ ለጳጉሜ ይደርሳል። የዳገቱ ገብስ ሁሉ ገና ለምለም ሳለ፣ በየቤቱ ዱቄት ተጠርጎ ባለቀበት ሰዓት እርሱ ብቻ ቢጫ ሆኖ ይቆማል። በእኛ አገር ነሐሴን ማለፍ ማለት ቀሰሌ ላይ መድረስ ማለት ነው። ገና አራስ የሆነች ሴት፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ፣ ወተቷ የደረቀ ላም ሁሉ የሚጠብቁት እርሱን ነው። ረሃብን ለመዋጋት የተነሣው ዘመቻዎ ከቤታችን ማርኮ የወሰደው ዋናው የረሃብ ጠላት እርሱ መሆኑን የማስታውስዎ ለቅሬታ አይደለም፤ የድሉን ልክ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

፫ኛ. ስለ አባቴ ሦስት ሳምንት አመሰግናለሁ። ስንቅ እያመላለስኩ የጉለሌን ጭቃ በደንብ አወቅሁት።

፬ኛ. ስለ ታማኝነትዎ አመሰግናለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። አባቴ ነጋዴም ደባቂም አለመሆኑ ከተጣራ በኋላ የወሰዱትን ሁሉ መልሰዋል፤ አንድ ፍሬ አላጎደሉም። ባስረከቡን ጊዜ ሚዛኑ እንዲያውም ትንሽ ጨምሮ ነበር። ጆንያው የተቀመጠው የመጋዘኑ ጣሪያ በሚያፈስበት በኩል ስለ ነበር፣ ትርፉን ዝናቡ ያዋጣው ይመስለኛል። ጸሐፊዎ አባቴን፣ «ይኸው ገብስህ፤ ሙሉ ነው፤ እንግዲህ አብዮቱ ሌባ ነው እንዳትል» ብሎ አስፈረመው። አባቴም አላለም። ጆንያውን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣና ከደጃፋችን አስቀምጦ፣ በላዩ ተቀምጦ ቀረ።

እናቴ በማግስቱ ሰፌድ ይዛ ለቀማ ጀመረች። የጎረቤት ሴቶችም መጡ፤ ከእነርሱ መካከል ብርቅነሽ የምትባለው፣ በአፏ ሰው የማይችላት ጎረቤታችን፣ «ደብሪቱ፣ ገብሶችሽ ተጋቡ እንዴ? ሳንጠራ» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ጥቁሩን ለቀሙ። ሰነፍ ቆሎን ልብስ ስለሌለው ለቀሙ። ከዚያ ሦስቱ ነጮች ቀሩ፤ ፈረስ ጋማ፣ ባለሚና ቀሰሌ በዛላቸው እንጂ በፍሬያቸው አይለዩም። እናቴ ግን እለያቸዋለሁ ብላ በጣቷ እየዳሰሰች፣ በጥርሷ እየሰበረች፣ ወደ ብርሃን እያነሣች፣ «ይቺ ናት» ትላለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ «አይ፣ አይደለችም» ትላለች። እንዲህ ስትል ሰነበተች። በመጨረሻ ሰፌዱን አስቀመጠችና፣ «ሰርኬ፣ እነዚህ ልጆች ሜዳ ላይ ካልቆሙ ስማቸውን አይናገሩም» አለችኝ። ዓይኗ የደከመው በዚህ ነው።

ምናልባት፣ ከጎረቤት ቀሰሌ ለምን አትበደሩም ይሉኝ ይሆናል። ብልህ ጥያቄ ነው፤ አባቶቻችንም አስበውበት ነበር። በዳገቱ ላይ ዘር በአንድ ቤት አይቀመጥም። በረዶ የአንዱን ማሳ ቢመታ የሌላው ይተርፋልና፣ ዘር ለጠየቀ ሰው መከልከል ነውር ነው፤ የተበደረም በአዝመራው ቁና ከምሮ ይመልሳል። አያቴ በሕይወቷ ሁለት ጊዜ ቀሰሌ አጥታ ሁለት ጊዜ ከጎረቤት አግኝታለች። የእኛ መድን ይኸው ነበር። ይህ መድን በረዶን፣ ውርጭን፣ ተምችንና ጣሊያንን ችሏል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ቤት የሚፈትሽ ሊቀ መንበር ግን ከዚህ በፊት ገጥሞት ስለማያውቅ አልቻለም። የብርቅነሽም በጆንያ ነው ያለው። የሌሎቹም እንዲሁ። አሁን በዳገቱ ላይ ሁላችንም እኩል ነን፤ ሁላችንም አንድ አንድ ጆንያ አለን።

ደግሞም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በዚሁ በከተማችን የአገሩን ዘር ከየገበሬው እየሰበሰበ በቀዝቃዛ ክፍል የሚያኖር መሥሪያ ቤት አለና ሄድኩ። በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ሻይ አጠጡኝ። ከባሌ ገብስ አላቸው፣ ከጎጃም አላቸው፣ መኪና ከማይደርስበት ከወሎ ተራራ ሳይቀር በበቅሎ አስጭነው ያመጡት አላቸው። ከሸጎሌ የላቸውም። አንድ ትሑት ሠራተኛ ዓይኑን ሰብሮ፣ «እኅቴ፣ እናንተ እዚሁ አጠገባችን ናችሁ ብለን ለመጨረሻ አቆይተናችሁ ነበር» አለኝ። ምን ይባላል? እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

፭ኛ. ስለ ተሻሻለው ዘር አመሰግናለሁ። እኔ የሳይንስ ጠላት አይደለሁም፤ ተምሬዋለሁ። የመጣው ዘር በጥሩ መሬትና በማዳበሪያ ብዙ እንደሚሰጥም አውቃለሁ። አባቴም በማሳው ሁሉ እንዲዘራው ሲታዘዝ እሺ ብሏል፤ ዘርቶታልም። በቅሏል፣ ያምራል፣ ቁመቱ እንደ ሰልፈኛ አንድ ነው። በኅዳር ይደርሳል። ሁሉም በአንድ ቀን ይደርሳል፤ ውርጭ ቢወርድም ሁሉም በአንድ ቀን ይመታል። ይህን ስል ሟርት እንዳይመስልብኝ፤ በተቋሙ የተማርኩት ነው። የተሻሻለው ዘር ራሱ የተወለደው እንደ እኛ ካለ ገንቦ መሆኑንም እዚያው ነው የተማርኩት። ልጁን አምጥቶ እናቱን ማስፈጨት በየትኛው መጽሐፍ እንዳለ ግን አላገኘሁትም።

የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቤታችን ጓሮ አንድ በሬ ቢተኛባት የምትሞላ መሬት አለች። የተደባለቀው ነጭ ገብስ በእርሷ ላይ ይዘራ። በጳጉሜ ሌላው ለምለም ሳለ ቀድሞ የሚበስለው ዛላ ቀሰሌ ነው፤ እኔና እናቴ እርሱን በእጃችን እንቀጥፋለን፤ ዘራችን ተመለሰ ማለት ነው። ሌላ መለያ መንገድ የለም። ጆንያው ከላዩ ሻግቷል፤ ሥሩንም ነቀዝ ጀምሮታል፤ ለከርሞ አይደርስም። እስከ ሐምሌ አቦ ካልተዘራ ደግሞ ዘንድሮም አይደርስም። ቀሰሌን ለማዳን ያለን ጊዜ ይኸው ነው፤ ከዛሬ እስከ ሐምሌ አቦ።

የተሰጠኝ መልስ «በማኅበሩ መሬት ላይ ካልተፈቀደ ዘር ሌላ መዝራት የግል ፍላጎትን ማስቀደም ነው» የሚል ነበር። መልሱን ይዞልኝ የመጣው የግብርና ሠራተኛው ጉልላት ነው፤ በእርሻ ተቋሙ በአንድ ወንበር ተቀምጠን የተማርን ልጅ ነው። ስለ ዘር የተማረውን ረስቶት እንደሆነ ብጠይቀው ወደ ማሳው እያየ፣ «ሰርኬ፣ ምን ላድርግሽ? ከላይ የመጣ ነው። እኔ ደግሞ ልጅ አለኝ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። በተቋሙ ሳለን ስለ ገብስ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ እርሱ ነበር።

የጓሮዋ መሬት አሁንም ባዶዋን ናት። ፈቃድ ሳትጠይቅ ሳር ማብቀል ጀምራለች።

፮ኛ. ይህን አቤቱታ ካቀረብኩ በኋላ ከመሠረተ ትምህርት አስተማሪነቴ ስላሳረፉኝ አመሰግናለሁ። ዕረፍቱ ለመጻፍ ጠቅሞኛል። ተማሪዎቼ የነበሩት እናቶችም ማንበብ ስለ ቻሉ፣ ይህን በር ላይ ቆመው እያነበቡት ይሆናል፤ ይህም የዘመቻው ፍሬ ነውና ለሪፖርትዎ ይጠቅምዎታል።

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ምንም እንደማላመጣ አውቃለሁ። መሬቲቱን ልሰርቃት አልችልም፤ በዳገቱ ላይ ያለችው በሁሉም ዓይን ፊት ናት፤ ብዘራባት አባቴ ወደ እስር ቤት ይመለሳል፣ ሳሉም ገና ፈጽሞ አልለቀቀውም። ጆንያውን ልለቅመው አልችልም፤ እናቴ ያቃታትን እኔ በዲፕሎማ አልችለውም። ከእርስዎ ወደ ላይ አቤት የምልበት ሰው ሁሉ «ከላይ የመጣ ነው» ይለኛል፤ እስከ ዛሬ ያ ላይ የተባለው ቦታ ከእንጦጦ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የነገረኝ የለም። ስለዚህ አልጠይቅም። አንድ ቀን ግን ልጆችዎ በነሐሴ ቢርባቸውና ለምን ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ በበርዎ ላይ ተለጥፎ ነበር ብለው እንዲነግሯቸው ብቻ እለምናለሁ።

ጤናዎ የተጠበቀ፣ መጋዘንዎ የማያፈስ፣ ሚዛንዎም ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአምስት ገንቦ አንድ ጆንያ ማድረግ የቻለው እጅዎ ከአንድ ጆንያ አምስት ገንቦ ማድረግ እስኪችል ድረስ በአክብሮት የምጠባበቅ፣

ታዛዥዎ
ሰርኬ ኢታና

ግልባጭ፦
ለግብርና ሠራተኛው ለጉልላት፣ ልጁ ሲያድግ እንዲያነብለት
ለሚመለከተው ሁሉ፣ መመልከት ከፈለገ

ዳግመኛ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ልለጥፈው ስወጣ እናቴ አንድ ነገር አስታወሰችኝ። በፍተሻው ሳምንት በዳገቱ ላይ ያልተፈተሸ አንድ ቤት ነበረ፤ የእናትዎ የወይዘሮ አፀደ ቤት ነው፤ ለምን እንዳልተፈተሸ እኔ አልጠይቅም። እናትዎ ከታች ከከተማ አካባቢ መጥተው ከእኛ ጎን ቤት ሲሠሩ አያቴ አንድ ቅል ቀሰሌ ሰጥታቸው ነበርና፣ በጓሯቸው በየዓመቱ እየዘሩ ያቆዩት ነበር። እየሮጥኩ ሄድኩ። አቀባበላቸው እንደ ወትሮው መልካም ነበር፤ ስነግራቸው ግን ቁጭ አሉ። «ውይ ልጄ፣ ቆላሁት እኮ» አሉኝ። «ይገዙ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ፣ ቤት ያፈራውን አቅርቢ ብሎኝ፣ ያው ቅሉን ገልብጬ ቆላሁት። ለቆሎ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሌላ አልነበረኝም።» ከዚያ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ባዶውን ቅል ሰጡኝ። እናትዎን አይቆጧቸው፤ ጥፋት የለባቸውም። እንግዶችዎ ግን ቆሎውን ወደውት ደግሞ ቢያምራቸው፣ እባክዎ በእኔ ስም ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ከእንግዲህ የለም።